ደንገጎ ላይ ያነሳኸው አረንጓዴ ሰማይ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የድሬ ልጅ ነኝ፣ ገንደ ቆሬ። መስከረም 30 ቀን 2017 ማታ ከሐረር ስንመለስ ደንገጎ ላይ መኪና አቁመን አመሸን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ካሜራዬን ትራይፖድ ላይ አድርጌ ወደ ሰሜን በ25 ሰከንድ ጥቂት ፎቶ አነሳሁ። በዓይናችን ምንም አላየንም። ፎቶው ላይ ግን አረንጓዴ ሰንበር ሰንበር የሚል ነገር ወጣ፤ በግራ በኩል ደግሞ ቀላ ያለ ብርሃን አለ። በነጋታው ዓለም ሁሉ የአውሮራ ፎቶ ሲለጥፍ አይቼ እኔም ለጠፍኩ። ግማሹ ‹ፎቶሾፕ ነው› አለኝ፣ ግማሹ ‹አቦ ታሪክ ሠራህ!› አለኝ። እውነቱ የቱ ነው? ደግሞ ታኅሣሥ ላይ እህቴ ጋ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ልሄድ ነው። እዚያ ለየት ያለውን አውሮራ እንዴት ላንሳ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ወገን ስቷል። ፎቶህ ፎቶሾፕ አይደለም፤ የላክልኝን ዋና ፋይሎች አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። አውሮራም፣ ማለትም የፀሐይ ማዕበል ዋልታዎቹ አካባቢ ሰማይ ላይ የሚያበራው ብርሃን፣ አይደለም። አረንጓዴው ሰንበር የአየር ፍካት ነው፣ ፎቶ አንሺዎች ኤርግሎው የሚሉት። በግራ ያለው ቅላት ደግሞ የገዛ ከተማችን መብራት ነው። «እንዴት አወቅህ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

የዚያን ሌሊት በምድር ማግኔት ላይ የተነሳው ማዕበል ቀልድ አልነበረም። ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ጫፍ ላይ ነበረች። የወረወረችው የጋለ ጋዝ ምድርን መታ፣ ማዕበሉም ከአምስቱ ደረጃዎች አራተኛው ላይ ደረሰ። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ ግንቦት 2 ቀን 2016 የተነሳው ደግሞ አምስተኛው፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ የወጣ ነበር። ያኔ አውሮራ ሜክሲኮ ላይ ታየ። ፖርቶ ሪኮ ላይ ፎቶ ተነሳ። ሕንድ ውስጥ ላዳክ ተራራ ላይ ያለው የሃንሌ የሥነ ፈለክ ጣቢያም ቀዩን ብርሃን በካሜራ ያዘው። ፖርቶ ሪኮ 18 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ ድሬ 9.6። ስለዚህ «እኛስ ምን ይጎድለናል?» ብትል አይፈረድብህም።

ነገሩ፣ አውሮራ በካርታ አይሄድም። በማግኔት ነው የሚሄደው። የምድር ማግኔት ዋልታ ወደ አሜሪካ በኩል ያጋደለ ስለሆነ የፖርቶ ሪኮ ሰዎች በማግኔት ሲለካ ለሰሜን ከእኛ በጣም ይቀርባሉ። እኛ ደግሞ ማግኔታዊው የምድር ወገብ ላይ ነን ማለት ይቻላል። ወደ ላይም ወደ ታችም እንደልቧ የምትዞር የማግኔት መርፌ ብታንጠለጥል፣ ትሮምሶ ላይ አፍንጫዋን ወደ መሬት ትደፋለች፤ ድሬ ላይ ጠፍጣፋ ትተኛለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፦ አገራችን ለማግኔቱ ወገብ መቅረቧ።

አውሮራን የሚያበሩት ኤሌክትሮኖች የማግኔቱን መስመር ይዘው ነው የሚጓዙት። እንደ ባቡር አስበው። ሐዲዱ በእኛ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን በከፍታ ተጋድሞ ያልፋል፣ መንገደኛው የሚወርደው ግን ሁለቱ ዋልታዎች አጠገብ ነው። ድሬ ላይ ጣቢያ የለውም። በባቡር ለተቆረቆረች ከተማ ትንሽ ያስቆጫል።

«እሺ፣ እኛ ላይ ባይወርድም ከሩቅ አይታይም?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም በሒሳብ ይገኛል። የአውሮራ አረንጓዴ ዋና ብርሃኑ ከመሬት በ110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ነው የሚፈካው። ምድር ክብ ስለሆነች እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ብርሃን ከአድማስ በላይ ሊታይ የሚችለው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ ነው። ማለትም ደንገጎ ቆመህ አረንጓዴ አውሮራ እንድታይ፣ አውሮራው ከጂዳ ወዲህ ቀይ ባሕር ሰማይ ላይ መድረስ ነበረበት። ቀዩ ከፍ ይላል፤ በትልቅ ማዕበል ጫፉ 500 ኪሎ ሜትር ይደርሳል እንበል። እሱ እስከ 2,500 ኪሎ ሜትር ይታያል። ያም ቢሆን ኢየሩሳሌም አናት ላይ ቀይ አውሮራ መንደድ አለበት፣ ለእኛ አድማሱን በጭንቅ ነክቶ እንዲታይ። ከፊትህ ተራራ ወይም አቧራ ካለ እሱም ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ከሩቅ አውሮራ ቢታየን የሚታየን ቀዩ ብቻ ነው፣ እሱም አድማስ ላይ ተለጥፎ። አረንጓዴው ከምድር ጉብጠት ሥር ይቀራል። አንተ ያነሳኸው ላይ አረንጓዴው ሞልቷል። ክሱን የዘጋው ለእኔ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ማጠናከሪያ ነው።

ታሪክ ውስጥ ወደ እኛ ቀረብ ያለ አውሮራ የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1872 በተነሳው ማዕበል አውሮራ ቦምቤይ ላይ ታይቷል፣ ካርቱም ላይም ታይቷል። በእኛ አቆጣጠር ጥር 1864 መሆኑ ነው፤ አጼ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ በነገሡበት በዚያው ወር። ካርቱም ከዚህ በቀጥታ ሲለካ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬ ያኔ ገና አልተቆረቆረችም፤ ሐረር ግን በአሚሮቿ ሥር በግንቧ ውስጥ ነበረች። ከጀጎል በር ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ያየ ሰው ምን አይቶ ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። የሚያስቀው ደግሞ ወደ ምድር ወገብ ከቀረቡት አውሮራዎች አንዱ ሰው ሠራሽ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1962 አሜሪካኖች ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የኑክሌር ቦምብ ሲያፈነዱ ሳሞአ ደሴቶች ላይ ሰማዩ አውሮራ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለውስ ይቅርብን።

አሁን ወደ ፎቶህ።

የአየር ፍካት ማለት ሰማዩ ራሱ በጣም ደከም ባለ ብርሃን ሁልጊዜ ማታ ማታ ሲያበራ ነው። ቀን የፀሐይ ጨረር ከላይ ያለውን ኦክስጅን ይሰባብረዋል፤ ማታ ሲገጣጠም የያዘውን ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቃል። አረንጓዴው በ95 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኝ ስስ ንብርብር ነው። ቀለሙ ከአውሮራው አረንጓዴ ጋር አንድ ነው፣ የሞገዱ ርዝመት 557.7 ናኖሜትር፤ ሁለቱም ከኦክስጅን አቶም ነውና። ሰው የሚምታታበት ለዚህ ነው። አውሮራ ማዕበል ይፈልጋል፣ የአየር ፍካት ግን ማንንም አይጠብቅም። ከአምስት ቀን በፊት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ደንገጎ ብትወጣ ኖሮ አንድ ዓይነት ነገር ልታገኝ ትችል ነበር።

በዓይን ያላያችሁት ዓይናችን በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ቀለም ስለማይለይ ነው። ካሜራው ግን 25 ሰከንድ ሙሉ ብርሃን ሲያጠራቅም ቆየ። በዚያ ላይ ዕድለኛ ነበርክ። የዚያን ዕለት ጨረቃ ግማሽ ነበረች፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ጠለቀች፤ አንተ ያነሳኸው ከዚያ በኋላ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንስተህ ቢሆን ኖሮ ሰማያዊ ሰማይ ብቻ ነበር የምታገኘው።

ሰንበሩ ከየት መጣ? ከሩቅ ነጎድጓድና ከተራሮች የሚነሳ የአየር ሞገድ ወደ ላይ እየወጣ ያን ስስ ንብርብር ያወዛውዘዋል፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። ፎቶህ ላይ ሰንበሩ በጣም የጎላው የሰሜን ኮከብ ባለችበት ከፍታ ላይ ነው። ይሄ በአጋጣሚ አይደለም። እጅህን ዘርግተህ ጨብጠው፣ ጭብጥህ ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የሰሜን ኮከብ ከእኛ አገር ከአድማስ አንድ ጭብጥ ከፍ ብላ ነው የምትቆመው። የአየር ፍካትም የሚጎላው እዚያው አካባቢ ነው፤ በአግድም ስታይ ያን ንብርብር በረጅሙ ስለምታቋርጠው። ከዚያ ዝቅ ካልክ አቧራውና ጭጋጉ ይውጠዋል፣ ቀና ካልክ ይሳሳል። አውሮራ እንዲህ ያለ ሥርዓት አያውቅም።

ደግሞ የሰሜን ኮከብ በሰንበሩ ውስጥ ጥርት ብላ ትታያለች። ደመና ቢሆን ይሸፍናት ወይም ያደበዝዛት ነበር። ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው ባሉት ደቂቃዎች አረንጓዴው ሰንበር ቦታ ቀይሯል። በግራ ያለው ቅላት ግን ንቅንቅ አላለም። ደንገጎ ላይ ወደ ሰሜን ስታይ ድሬ ከግራህ ከታች ናት። መብራቷ ከበረሃው አቧራ ጋር ተደባልቆ እንዲህ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። የሚንቀሳቀስ ነገር የሰማይ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር የከተማ ነው ብለህ ብትጀምር ብዙም አትሳሳትም።

ስለ ፎቶሾፑ ግን ለተቺዎችህ ትንሽ ልፍረድላቸው። የለጠፍከው ቅጂ ላይ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ቆንጠር ሳይሆን ዝቅዝቅ አድርገህ ነው የደፋኸው። ዋናው ፋይል እኮ ከዚያ ይበልጥ ያምራል። አረንጓዴው ጤና አዳም መምሰል የለበትም።

ለወደፊቱ ራስህ እንድታጣራ ሁለት ነገር ላሳይህ። አንደኛ፣ አንድ ፎቶ ካነሳህ በኋላ ካሜራውን በቁመት አዙረህ ያንኑ ሰማይ ድገመው። ቀለሙ ከፎቶው ጠርዝ ጋር አብሮ ከዞረ የሌንስህ ወይም የሴንሰርህ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ችግር ነው። ከከዋክብቱ ጋር ከቆየ ከሰማይ ነው። ሁለተኛ፣ ሌንስህ ላይ ያለውን የዩቪ ፊልተር አውልቅ። ብዙ ሰው ሌንሱ እንዳይቧጨር ገጥሞት ይረሳዋል። የአየር ፍካትም ሆነ አውሮራ አረንጓዴው አንድ ጠባብ የብርሃን መስመር ነው። ያ ብርሃን በፊልተሩ ጠፍጣፋ መስታወት መካከል ወዲያና ወዲህ ሲንጸባረቅ ፎቶው መሃል ላይ ቀለበት በቀለበት ይሠራል፣ ውሃ ላይ ጠጠር የጣልክ ይመስል። በሦስተኛው ፎቶህ መሃል ላይ ጎላ አድርገህ እያት፤ ቀጭን ክብ ክብ ታያለህ። እሱ ነው። ኤዲት ተደርጎ አይጠፋም። ትሮምሶ ላይ ይህን ብትረሳ የምታዝነው ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ ለአየር ፍካት የኛ ቦታ የዋዛ አይደለም። አረንጓዴው የትም አለ። ቀዩ ግን፣ በ250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኘው፣ የማግኔቱን ወገብ የሚወድ ነው። ቀን እኛ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ ወደ ላይ ይገፋና የማግኔቱን መስመር ይዞ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይፈስሳል። እዚያ ሲከማች ከምሽት በኋላ ሁለት ቀይ ቀበቶዎች ይሠራል፣ አንዱ በሰሜን አንዱ በደቡብ፣ ከማግኔቱ ወገብ 15 ዲግሪ ያህል ርቀው። ጠፈርተኞች ከላይ ያዩአቸዋል። ከእኛ የሚታየው ጠርዛቸው ነው፣ በሁለቱም አድማስ ዝቅ ብሎ። አንዳንዴ ደግሞ በቀዩ መካከል ጥቁር ሽንትር ታያለህ። ጋዙ የሳሳበት አረፋ ነው። የጂፒኤስ ምልክት የሚያቃውሰውም እሱው ነው፣ በተለይ መስከረምና መጋቢት አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። የመሬት ቅየሳ የሚሠራ ጓደኛ ካለህ ጠይቀው፣ ምሽት ላይ መሣሪያው ሲያስቸግረው አይጠፋም። እነዚህን አረፋዎች ከትሮምሶ ልታነሳ አትችልም። ከሽንሌ ሜዳ ግን ትችላለህ።

ስለዚህ ድጋሚ ሞክረው፣ በእቅድ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማያችን የጠራ ነው፤ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጥ። ደንገጎ ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ግን ወደ ሰሜን ስታነሳ ድሬ ትገባብሃለች። ለሰሜን አድማስ ከድሬ አልፈህ ሽንሌን ወደ ኋላ ትተህ ሜዳው ላይ ብትወጣ ይሻላል። ለደቡብ አድማስ ሐረርን አልፈህ ወደ ባቢሌ በኩል ሂድ፤ እዚያ ቋጥኞቹም ከፊት ለፎቶው ጥሩ ይሆኑልሃል። ብቻህን አትሂድ፣ የአካባቢውን ሰው ይዘህ ሂድ፣ ለቀበሌውም አሳውቅ። ሌሊት ሜዳ ላይ ትራይፖድ ተክሎ ቀይ መብራት የሚያበራ ሰው ምን እንደሚመስል አስበው። ባቡር መስመር አጠገብና ኬላ አጠገብ ካሜራ አታውጣ። ሐረር ዙሪያ ደግሞ ጅቦቹ ሰው የለመዱ ናቸው፤ ቢሆንም ሥጋ የበላህበትን ፌስታል እግርህ ሥር አታስቀምጥ።

ሴቲንጉ እንዲህ ይሁን። ሰፊ ሌንስ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) እስከቻለው ተከፍቶ፣ ኤፍ 1.8 ወይም 2.8። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ካልበቃህ 6400 ሞክር። ሹተሩ (ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 20 ሰከንድ። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) 4000 ኬልቪን ላይ ቆልፈው፣ አውቶ ካደረግከው ካሜራው አረንጓዴውን «ስህተት ነው» ብሎ ያጠፋልሃል። ፋይሉ ራው (ያልተነካካ ጥሬ ፋይል) ይሁን። ፎከስ ለማድረግ አንድ ደማቅ ኮከብ ስክሪኑ ላይ አጉላና በእጅህ እያዞርክ ትንሿ ነጥብ እስክትሆን አስተካክል፤ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የኢንፊኒቲ ምልክት አትመን። ከዚያ ካሜራውን ሳትነካ ለአንድ ሰዓት ያህል በተከታታይ አንሳ። ለየብቻቸው ደብዛዛ የሚመስሉት ፎቶዎች ቪዲዮ ሲሆኑ ሰንበሩ ሰማይ ላይ ሲንሳፈፍ ታያለህ። ያኔ ለተቺዎችህ ምንም ማስረዳት አያስፈልግህም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሙቀት የሴንሰር ጠላት ነው። በየ6 ዲግሪው ሴንሰሩ ራሱ የሚፈጥረው ቆሻሻ በግምት እጥፍ ይሆናል። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። በግንቦት ሙቀት ከተማ ውስጥ ያነሳኸውና ደጋው ላይ ያነሳኸው በአንድ ሴቲንግ እንኳ አንድ አይሆንም። ከቻልክ ሁልጊዜ ሽቅብ ውጣ።

ስልክ ብቻ ያላቸው ሰዎችም ይጠይቁኛል። ስልክ በናይት ሞድ፣ ድንጋይ ላይ ተደግፎ፣ አሁን አሁን የአየር ፍካትን ይይዛል። ግን ስልኩ ጨለማውን እንደፈለገው ቀለም ይቀባዋል፣ ስለዚህ የስልክ ፎቶ ይዞ መከራከር ከባድ ነው። የአውሮራ ማስጠንቀቂያ አፕሊኬሽኖቹንም ድሬ ሆነህ አትስማቸው። የሚያሳዩት ኬፒ የሚባለው፣ የማግኔቱን ማዕበል ጉልበት የሚለካው ቁጥር ከ0 እስከ 9 ነው፣ 9 ቢሞላም ለእኛ ያው ነው።

ከአየር ፍካት ሌላ ከእኛ ቦታ የሚያምረው የዞዲያክ ብርሃን ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በምዕራብ፣ ወይም ሊነጋ ሲል በምሥራቅ፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነጭ ብርሃን። ፕላኔቶች መካከል ያለ አቧራ ነው ፀሐይ ያበራችው። አውሮፓውያን በዓመት ጥቂት ወራት ጠብቀው ያዩታል፣ እኛ አቅጣጫችን ስለሚስማማ ዓመቱን ሙሉ እናገኘዋለን። እሱንም «አውሮራ» ብለው የሚለጥፉ አሉ።

ወደ ትሮምሶ እንሂድ። እዚያ ታኅሣሥን ሙሉ ፀሐይ አትወጣም፣ ስለዚህ ጨለማ አይቸግርህም። አውሮራውም ማዕበል አይጠብቅም፤ ከተማዋ 69.6 ዲግሪ ላይ፣ አውሮራው ዋልታውን ከቦ የሚሠራው ቀለበት ሥር ናት። ሰማዩ ከጠራ ጸጥ ባለ ቀንም ይመጣል። ችግርህ ደመና ነው። ባሕር ዳር ስለሆነች ደመና አይለቃትም። እህትህ መኪና ካላት ወደ ውስጥ፣ ወደ ፊንላንድ ድንበር በኩል መንዳት ነው፤ ሺቦትን አካባቢ ተራሮቹ ደመናውን ስለሚያስቀሩት ሰማዩ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ከአውሮራ ትንበያ ይልቅ የደመና ትንበያ ተከታተል። የትሮምሶን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ስንጠራው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ውጭ ሁን።

ደንገጎ ላይ የተማርከውን ሹተር እዚያ እርሳው። 25 ሰከንድ አውሮራን ወደ አረንጓዴ ገንፎ ይለውጠዋል። ዝም ብሎ የተዘረጋ ቅስት ከሆነ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 1600፣ 8 ሰከንድ። መጨፈር ሲጀምር 2 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ውረድ፣ አይኤስኦውን ወደ 3200 ጨምር። አረንጓዴው ቶሎ ይቃጠላል፣ ማለትም ብርሃኑ ከልክ አልፎ ዝርዝሩ ይጠፋል። ስክሪኑ በጨለማ ከልኩ በላይ ደማቅ መስሎ ስለሚያታልልህ ብሩህነቱን ቀንስና ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) እመን፣ በተለይ የአረንጓዴውን። አንዴ ከተቃጠለ ራውም አያድነውም።

አሁን ለየት ያሉት። «ስቲቭ» የሚባለውን ቀጭን ሐምራዊ ሪባን ሰምተህ ይሆናል። የካናዳ አልበርታ አማተር ፎቶ አንሺዎች ናቸው ስም አውጥተው ሳይንቲስቶቹን እንዲያጠኑት ያነሳሷቸው፣ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። በ3,000 ዲግሪ የጋለ ጋዝ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር እየነጎደ ነው። ግን ከአውሮራው ቀለበት ወደ ደቡብ ስለሚወጣ ትሮምሶ ሆነህ አትጠብቀው። እሱን ደቡብ ካናዳ ወይም ስኮትላንድ ያለ ሰው ይጠብቅ።

አንተ ልትጠብቅ የሚገባህ ሌሎች ናቸው። አንደኛው አክሊሉ ነው። አውሮራው አናትህ ላይ ሲደርስ ጨረሮቹ ከአንድ ነጥብ ተበትነው ይወርዳሉ። ያ ነጥብ ትክክል አናትህ ላይ አይደለም፣ ከአናትህ ወደ ደቡብ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ ይበልጣል፤ ቅድም ያልኩህ መርፌ በጅራቷ የምታመለክተው እዚያ ነው። ካሜራህን ቀድመህ ወደዚያ አዙረህ ጠብቅ፤ የሚቆየው አንዳንዴ ከደቂቃ በታች ስለሆነ ትራይፖድ ስትፈታ ያመልጥሃል። ሁለተኛው ሮዝ ጠርዝ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በጣም ሲበረቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ወርደው ናይትሮጅኑን ያበሩታል፣ የመጋረጃው ግርጌ ሮዝ ይሆናል። እሱን ለመያዝ 1 ሰከንድ ይበቃል፤ ከረዘመ አረንጓዴው ይውጠዋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ሳያውቀው ወደ ሆቴሉ ይገባል፦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትልቁ ጭፈራ ሲያልቅ ሰማዩ ላይ ደብዛዛ ቁርጥራጮች ይቀራሉ፤ በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ድርግም ይላሉ። በአንድ ፎቶ ደመና ይመስላሉ። በየ3 ሰከንዱ በተከታታይ አንስተህ ቪዲዮ ስታደርገው ነው ልብ ሲመታ የምታየው።

ደግሞም አረንጓዴ ትይዩ ሞገዶች ካየህ፣ የአሸዋ ክምር የሚመስሉ፣ በርታና አንሳ። «ዱን» ይሏቸዋል። የፊንላንድ አማተሮች አግኝተዋቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው ለሳይንስ የቀረቡት። አንተ ደንገጎ ላይ ያነሳኸውን ሰንበር የመሰለ የአየር ሞገድ ነው፣ እዚያ ግን አውሮራ አብርቶት። ሰዓቱን በሰከንድ ትክክል አድርገህ ያዝ፤ የካሜራህን ሰዓት ከስልክህ ጋር አስተካክለህ ውጣ። ሁለት ሰው ከተለያየ ቦታ በአንድ ሰከንድ ካነሳው ከፍታው ይለካል።

ብርዱን በተመለከተ አጭር ልሁን። ባትሪ ብርድ ላይ ቶሎ ይሞታል፤ ትርፉን ደረት ኪስህ ውስጥ ሰውነትህ አጠገብ አድርገው። ካሜራው ላይ አትተንፍስ። ወደ ቤት ከመግባትህ በፊት፣ ገና ውጭ ሳለህ፣ ካሜራውን ዚፕ ያለው ፌስታል ውስጥ ከተህ ዝጋውና ግባ። አለበለዚያ የቤቱ ሙቀት ሌንሱን በላብ ያጠምቀዋል። ሚሞሪ ካርዱን ግን ፌስታሉ ውስጥ ከመክተትህ በፊት አውጣው፣ ሁለት ሰዓት መታገሥ እንደማትችል አውቃለሁ።